ወደ ሪጋ ለምትሄደው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ ሊያስቅሽ ይችላል። በቃል ስነግርሽ ግን «እሺ አባዬ» ብለሽ ጫማሽን አንጠልጥለሽ ትወጫለሽ፤ የተጻፈውን ቢያንስ አውሮፕላን ውስጥ ሲሰለችሽ ታነቢዋለሽ ብዬ ነው።

ትናንት ማታ አክስትሽ ደውላ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አፍንጫሽ ታፍኖ ስታይሽ ከቦርሳዋ የጉንፋን ክኒን አውጥታ እንደሰጠችሽ፣ አንቺም አመስግነሽ እንደዋጥሽው በጨዋታ መካከል አነሣችልኝ። የማሸጊያውን ፎቶ አስልኬ ጀርባውን ሳነበው ፕስዩዶኤፌድሪን አለበት። ይህ ንጥረ ነገር ለስፖርተኛ የሚከለከለው በውድድር ወቅት ብቻ ስለሆነና በላትቪያዋ ሪጋ የሚካሄደው የጁኒየር ግራንድ ፕሪ የበረዶ ላይ ስኬቲንግ ውድድርሽም ገና ስለሆነ የእሑዱ ክኒን ምንም አያመጣብሽም። በውድድሩ ዕለት ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ጎህ ሳይቀድ እየተነሣን የተመላለስንበት ድካም በአንድ ጉንጭ ውሃ ሊያልቅ ይችል ነበር። ስለዚህ የቡድኑ ሐኪም ያላየውን ክኒን ከማንም እጅ እንዳትቀበዪ። ከአክስትሽም፣ ከጓደኛሽም፣ ከአሠልጣኝሽም፣ ከእኔም ቢሆን።

የሩሲያዊቷን ስኬተር የካሚላ ቫሊየቫን ታሪክ ታውቂዋለሽ፤ ፎቶዋ ክፍልሽ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ በኋላም ራስሽ አነሣሽው። እኔ ግን ነገሩን የማየው በወላጅ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 2021 በሴንት ፒተርስበርግ በተደረገው የሩሲያ ሻምፒዮና ላይ የሰጠችው ናሙና ስቶክሆልም በሚገኝ ላቦራቶሪ ተመርምሮ ትሪሜታዚዲን የተባለ የልብ መድኃኒት እንደተገኘበት የታወቀው፣ በቤጂንግ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ከቡድኗ ጋር በአንደኝነት ባጠናቀቀች ማግስት ነበር። ዕድሜዋ 15 ነበር፤ ያንቺው ዕድሜ። በነጠላ ፉክክሩ የመጀመሪያውን ዙር፣ አጭሩን ፕሮግራም፣ እየመራች ጨርሳ፣ በሁለተኛው ዙር በረጅሙ ደጋግማ ወድቃ አራተኛ ወጣች፤ እያለቀሰች ከበረዶው ስትወጣም አሠልጣኟ የተቀበለቻት «ለምን ተውሽው?» በሚል ጥያቄ ነበር። መድኃኒቱ የአያቷ እንደሆነና በስህተት ወደ ሰውነቷ እንደገባ ተከራከሩላት። የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ክርክሩን አልተቀበለም፤ በጃንዋሪ 2024 የአራት ዓመት እገዳ በየነባት፣ የቡድኑ ወርቅም ለአሜሪካ ተሰጠ። የአሜሪካ ስኬተሮች ሜዳሊያቸውን ያጠለቁት ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ በፓሪሱ የበጋ ኦሎምፒክ ሰሞን ነው። የ15 ዓመት ልጅ ያንን መድኃኒት ብቻዋን ፈልጋ ታገኛለች ብሎ የሚያምን ወላጅ ያለ አይመስለኝም፤ ስሟ የጠፋው ግን የእሷ ነው። ሕጉም እንዲሁ ነው፤ በሰውነትሽ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ ሰጪው ማንም ይሁን ማን።

አሁን ወደ ወጥ ቤታችን ልመለስ። እማማ በየቀኑ የሚወስዱት የደም ግፊት ክኒን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይባላል፤ ሽንት የሚያሸና ስለሆነ በውድድር ጊዜም ከውድድር ውጭም የተከለከለ ነው። ያንን ክኒን ለሁለት የሚከፍሉት አንቺ ሙዝና እንጆሪሽን በምትቆርጪበት መክተፊያ ላይ መሆኑን ሐሙስ ጠዋት አየሁ፤ ነጭ ዱቄቱ እንጨቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእማማ ክኒን የሚከፈለው መኝታ ቤታቸው ነው፤ ቢላዋም መክተፊያም ለብቻ ገዝቼላቸዋለሁ። «ለልጅ ልጄ መርዝ የምጨምር አስመሰልከኝ» ብለው ተቀይመውኛል። ወደ አየር ማረፊያ ከመሄድሽ በፊት ጉልበታቸውን ስመሽ ይቅርታውን አንቺ ጠይቂልኝ፤ እኔን ገና አልሰሙኝም።

የከበደኝ ግን ይህ አይደለም፤ ሌላ ነው። ትልቅ ሰው የሰጠሽን በሁለት እጅሽ ተቀበዪ፣ ጉርሻ አትመልሺ፣ «አልፈልግም» ማለት ነውር ነው ብለን ያሳደግንሽ እኛው ነን። አሁን ደግሞ በፍቅር የተዘረጋልሽን እጅ መልሺ እያልኩሽ ነው። ይሁን፣ ለውድድሩ ስትይ ነውረኛ ሁኚ። ለሚሰጥሽ ሁሉ «አባቴ ከልክሎኛል» በይ፤ ወቀሳው በእኔ ላይ ይሁን። ከማንም እጅ ክኒን እንዳትቀበዪ።

ያ ናሙና የተወሰደባት ከተማ እኔ የተማርኩባት ሌኒንግራድ መሆኗን ስሰማ እንዴት እንደደነገጥኩ አልነገርኩሽም። የካልጋሪ ኦሎምፒክ በተካሄደበት እ.ኤ.አ. በ1988 ክረምት፣ በተማሪዎች ማደሪያው የጋራ ክፍል አንድ ቴሌቪዥን ነበረች። ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ካታሪና ዊትና አሜሪካዊቷ ዴቢ ቶማስ ሁለቱም በቢዜ «ካርመን» ሙዚቃ ነበር የሚወዳደሩት። ክፍሉ በሙሉ ለዊት ሲያጨበጭብ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጥግ ይዘን ለቶማስ እንጸልያለን፤ በበረዶ ላይ የምትንሸራተት ጥቁር ሴት ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። የስታንፎርድ ተማሪ ናት ሲሉን ደግሞ የበለጠ ኮራን። በረጅሙ ፕሮግራም የመጀመሪያ ጥምር ዝላይዋ ላይ በሁለት እግሯ አረፈች፤ ከዚያ በኋላ ልቧ አብሯት አልነበረም፣ ስህተቱም ተከታተለ። ነሐስ አገኘች፤ በክረምት ኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ስፖርተኛ ሆነች፣ ኋላም የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆነች። እኔ ግን የማልረሳው ያ ዝላይ የተበላሸባት ቅጽበት ፊቷን ነው።

ይህንን ሁሉ ጎጃም ላሉት ለአባቴ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲደርሰኝ ስለ ትምህርቴ አንድም ጥያቄ አልነበረበትም። «ያች ልጅ በበረዶ ላይ ስትወጣ እናትና አባቷ የት ነበሩ?» ይላል፤ ዝቅ ብሎም «አንተ ግን እዚያ ነገር ላይ እግርህን እንዳታደርስ» የሚል አለበት። በሳቅ ፈርሰን ነበር። አያትሽ አንቺ ከመወለድሽ በፊት አረፉ። የዘንድሮውን ስፒንሽን፣ ያንን አንገትሽን ወደ ኋላ ጥለሽ የምትሽከረከሪውን፣ ሳላሳያቸው መቅረቴ ከሐዘናቸው ይልቅ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ መጀመሪያ ይቆጡኝ፣ ከዚያ መንደሩን ሁሉ ጠርተው ያሳዩ ነበር።

ከጀመርኩት ነገር ራቅሁ። ከማንም እጅ ክኒን እንዳትቀበዪ። የሚጠጣም እንደዚያው ነው፤ ውሃሽን ታሽጎ ያለውን ራስሽ ክፈቺ፣ ጠርሙስሽንም ከበረዶው ዳር ትተሽ አትሂጂ፤ ትተሽ ከተመለስሽ ድፊው። ለምርመራ ከተጠራሽ አትደንግጪ፣ ነገር ግን ብቻሽን አትግቢ፤ 18 ዓመት ስላልሞላሽ ተወካይ ይዘሽ የመግባት መብት አለሽ። ቅጹ ላይ ባለፉት ሰባት ቀናት የወሰድሽውን ሁሉ፣ ቫይታሚንሽንም ጭምር ጻፊ። ቢያምሽ፣ በተለይ ያ ቁርጭምጭሚትሽ ቢነሣብሽ፣ ደብቀሽ አትወዳደሪ፤ ለሐኪሙ ንገሪ። ዘንድሮ ባይሆን በሚቀጥለው ዓመት ይሆናል፤ ወደ ሲኒየር መግቢያውም ዕድሜ 17 ስለሆነ የሚያስቸኩልሽ ነገር የለም።

እናትሽ አየር ማረፊያ ስታለቅስ «አሳፈርሽኝ» እንዳትያት። 2017 ዓ.ም. ጥር 21 ቀን፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት ማታ፣ ከዊቺታ የሚመጣው አውሮፕላን እዚህ ዋሽንግተን ፖቶማክ ወንዝ ላይ ከወታደራዊ ሄሊኮፕተር ጋር ሲጋጭ ከሞቱት 67 ሰዎች 28ቱ የስኬቲንግ ቤተሰብ ነበሩ፤ ልጆች፣ ወላጆቻቸውና አሠልጣኞቻቸው። እናትሽ ከዚያ ወዲህ ወንዙን ስትሻገር መስኮቱን አታይም። ስለዚህ አቅፈሻት ቁሚ፣ አውሮፕላኑ ሲያርፍም ከማንም በፊት ለእሷ ደውዪ።

ጫማሽን በእጅ ሻንጣ ያዢ፤ ልብስ ቢጠፋ ይገዛል፣ እግርሽ የለመደው ጫማ ግን ሪጋ ውስጥ አይገዛም። ፍልሰታ ነው ብለሽ ሳትበይ እንዳትወጪ፤ የንስሐ አባታችንን አነጋግሬ ፈቅደውልሻል። ሉትዝ ዝላይሽን እንደምታውቂው ከጫማሽ ስለት ውጭኛው ጠርዝ ተነሺ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ አታዘንብዪው፤ ብትወድቂም የሚቀነስብሽ አንድ ነጥብ ነው፣ ተነሥተሽ ሙዚቃሽን ተከተዪ። እኔ ያስተማርኩሽን ሩሲያኛ እዚያ አታውጪው፤ ያ ዘመን ለላትቪያ ሰዎች የቁስል ዘመን ነው። ማመስገን ስትፈልጊ «ፓልዲየስ» በያቸው። የዋህ ሆኖ ክኒን የሚሰጥሽ ሰው ቢያጋጥምሽም «ፓልዲየስ» ብለሽ እጅሽን ኪስሽ ክተቺ።

ተራሽ የወጣ ዕለት ሰዓቱን ላኪልኝ። ውድድሩ በዩቲዩብ ስለሚተላለፍ አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ ሊያዩሽ ተዘጋጅተዋል፤ በዚህ ወቅት የሪጋ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሲሆን ከእኛ ግን በሰባት ሰዓት ይቀድማል። ለእናትሽ አትላኪላት፤ ባለፈው ወደ ሐበሻ አቆጣጠር ስትቀይረው ሰዓቱን አዛብታ፣ አጎትሽ ሰው ሰብስቦ ሲጠብቅ የወንዶቹን የልምምድ ሰዓት ሲያይ ነው የዋለው።

አባትሽ