ሁሴኖ፣ ሥዕሉን ሳታይ መልስልኝ

ሁሴኖ፣

እንዴት ነህ? ሥራው፣ ጤናው፣ የጅዳ ሙቀቱስ? መጥፋቴን አውቃለሁ። አንተም ጠፍተሃል፤ ስለዚህ ተቻችለናል ብዬ ልለፈው። የቀረውን ወቀሳ ስትመጣ ታወርድብኛለህ። አሁን አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው የጻፍኩት።

አባትህ ሪዝ ነበራቸው?

አትሳቅ፣ የምሬን ነው። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ዓይንህን ጨፍንና አስታውሳቸው። የመጣልህን ወረቀት ላይ ጻፍ። ከዚያ ቀጥል።

ጻፍክ? በል እሺ።

እናትህ የአባትህን የጋሽ ይመርን ሥዕል ሣልልኝ ብለውኛል። ላንተ እንዳልነግርህ አስምለውኛል፤ ስትመጣ ሳሎን ተሰቅሎ እንድታየው ነው ሐሳባቸው። ይኸው ነገርኩህ። ሚስጥር እንደማይበረክትልኝ ከልጅነታችን ጀምሮ ታውቃለህ፣ ለእሳቸው ግን የነገራቸው የለም መሰለኝ።

ፎቶ እንደሌለ ታውቃለህ። አልበሙ በዚያ ሽሽት ጊዜ ከዕቃው ጋር ሄደ። መታወቂያቸውም አልተገኘም። አንተም በባቲ በኩል ስትወጣ ከአንድ ፌስታል በላይ አልያዝክም። የቀረን የእናትህ አፍና የእኔ ጣት ነው።

ጣት ስልህ የእውነት ጣት። የታፔላውን ሥራ ባነር ማተሚያው ከበላው ወዲህ ብሩሼ ደርቋል። አሁን የምሥለው ስልኬ ላይ ነው። አይቢስ ፔይንት የሚባል አፕ አለ፤ በነጻ ይወርዳል። መጫወቻ ነው ልትል እንደሆነ ይሰማኛል። ዴቪድ ሆክኒ የሚባል እንግሊዛዊ ሠዓሊ ዕድሜው ከ70 ካለፈ በኋላ ስልኩ ላይ በአውራ ጣቱ አበባ እየሣለ ጠዋት ጠዋት ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፓሪስ ላይ እነዚያኑ ሥዕሎች በኤግዚቢሽን አሳይቷቸዋል። እሱ ያልተሳቀበትን እኔ የምሳቅበት ምክንያት የለም።

ግን እጅህ ብሩሽ ከለመደ ያስቸግራል። የስልኩ መስታወት የጣትህን መንካት እንጂ ጉልበትህን አያውቅም። ብትጫነው መስመሩ አይወፍርም፣ ብትለቀውም አይሳሳም። ጫፍና ጫፉ እንዲቀጥን ከፈለግክ አፑ ውስጥ ገብተህ ማስተካከል አለብህ። ደግሞ ጣትህ የምትሥለውን ይሸፍንብሃል። ስለዚህ በሁለት ጣት ታጎላዋለህ። ሽፋሽፍት ስትሥል ስክሪኑን አንድ ዓይን ብቻ ይሞላዋል፤ ያምርልሃል። ወደ ቦታው ስትመልሰው የሌላ ሰው ዓይን ጋሽ ይመር ፊት ላይ ተቀምጦ ታገኘዋለህ።

የምንሠራው ማታ ማታ እናንተ ቤት ነው። እናትህ ቡና ያፈላሉ፣ እኔ አጠገባቸው እሥላለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ። አፍንጫው ረዘመ። ግንባሩ ጠበበ። ጆሮውን ምን አደረግከው? በቀለም ቢሆን ሸራው በተቀደደ ነበር። እዚህ ግን ሌየር የሚሉት ነገር አለ። ግልጽ ላስቲክ በላስቲክ ላይ እንደመደርደር ነው፤ አንዱን ስታነሳ ሌላው አይነካም። የጋሽ ይመር ፊት አንድ ሌየር ላይ ነው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ሜትር ሌላ፣ ኮፍያቸው ሌላ። አንድ ማታ «ኮፍያውን አውልቅለት፣ ጸጉሩን ልየው» አሉኝ። አጠፋሁት። ትንሽ አዩና «በል መልስለት፣ ይበርደዋል» አሉ። የደሴን ብርድ ታውቀው የለ? መለስኩላቸው። ምን እላለሁ?

ሌላ ቀን ስኒ ሲያቀብሉኝ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ወደቀና የጋሽ ይመር ግንባር ላይ ጭረት ተሰመረ። ወደኋላ የሚመልሰውን ምልክት ስነካው ጠፋ። «እንዲህ ቀላል ነው?» አሉና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ብቻ አትዘንላቸው፣ ያስቁኛልም። ነጻ አፕ ስለሆነ መሃል ላይ ማስታወቂያ ይመጣል። አንዱ ከነጭፈራው ሲመጣ «ይመር እንዲህ ያለ ቦታ አይገባም፣ አውጣው!» ብለው ተቆጡኝ።

አሁን ወደ ሪዙ ልምጣ። እናትህ ነበረው ይላሉ። እኔ የማስታውሰው ሙልጭ ብለው የተላጩ ሰው ነው። ሰኞ ገበያ ሱቃቸው በር ላይ ስንጫወት አገጫቸው ያብለጨልጭ ነበር፤ ወይስ ይሄን እኔ ፈጥሬዋለሁ? «አንተ ያኔ ንፍጥህን አልጠረግክም፣ ምን ታውቃለህ?» ይሉኛል። ሪዙን ለብቻው ሌየር ላይ ሥዬዋለሁ። ማታ እሳቸው ያበሩታል፣ ቤቴ ስገባ እኔ አጠፋዋለሁ።

እንዲህ እያልን መቀጠል አልቻልንም። ለማተም እንዲሆን ወረቀቱን የኤ 4 ልክ፣ 2480 በ3508 ፒክስል አድርጌ ነው የከፈትኩት። ከዚያ ካነሰ ሲታተም ይደበዝዛል። ወረቀቱ ሲተልቅ ደግሞ የእኔ ስልክ የሚችለው ሌየር ጥቂት ነው፣ አቅሙ አለቀ። ከኋላቸው የስፌት መኪናዋን ለመሣል ከፈለግኩ ሪዙን ከፊታቸው ጋር ማዋሃድ አለብኝ። አንዴ ተዋህዶ ከተቀመጠ በኋላ መለየት የለም። ወይ ሪዝ ያላቸው ይሆናሉ፣ ወይ የሌላቸው።

ደግሞ ከሪዙ የባሰ አለ። አፑ ሥዕሉ ከመጀመሪያው እንዴት እንደተሠራ ቪዲዮ አድርጎ ይይዛል። ለእናትህ አሳየኋቸው። ፊታቸው ያረጃል፣ ወጣት ይሆናል፣ ይከሳል፣ ይወፍራል። መሃል ላይ «አቁም! ይሄ ነው፣ ይሄ ራሱ ነው» አሉ። እኔ ድሮ ያለፍኩት ፊት ነበር። ወደዚያ ለመመለስ ሌሊቱን ስታገል አደርኩ። በማግስቱ ሲያዩት «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉኝ።

ሁሴኖ፣ ይሄን ለማን እንደምናገር አላውቅም። አሁን ጋሽ ይመርን ሳስብ የሚመጣብኝ ስልኬ ውስጥ ያለው ሰውዬ ነው። ሱቁ በር ላይ የነበሩት እየጠፉብኝ ነው። እናትህም እንደዚያው እየሆኑ ይመስለኛል። ትናንት አንድ ነገር ሲያወሩልኝ የጋሽ ይመርን ልብስ የነገሩኝ እኔ በቀባሁት ቀለም ነው። ያ ቀለም የእኔ ፈጠራ ነው፣ ከየት አመጡት?

ለዚህ ነው ሥዕሉን ያላያያዝኩልህ። ብልክልህ አንተም ትበላሻለህ። በእኔ ጣት ያልተነካ አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው የቀረው።

ሌላም ልናዘዝ። ከንፈራቸው እንቢ ሲለኝ የቴሌግራም ፎቶህን አጉልቼ ያንተን ከንፈር ገልብጫለሁ። እናትህ ምንም ሳይሉ ያለፉት እሱን ብቻ ነው። አላወቁም። ካስቀየምኩህ ንገረኝና አጠፋዋለሁ።

እና... ቀብሩ ላይ አልነበርክም። ይሄን ሥዕል ማየት ትፈልግ እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንህም። ካልፈለግክ እናትህን እኔ አሳምናለሁ፤ ስልኩ ተበላሸ እላለሁ። ግን ዛሬ ነገ ሳትል ንገረኝ።

ከፈለግክ ግን እነዚህን መልስልኝ። ሪዝ ነበራቸው ወይስ አልነበራቸውም? መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገቡ የሚጨፍኑት የትኛውን ዓይን ነበር? ኮፍያው ነጭ ነበር ወይስ ያ ጥልፍ ያለው? የማታስታውሰውን ዝለለው፣ እንዳትፈጥር። አንድ ፈጣሪ ይበቃናል።

በጽሑፍ ይሁን፣ ድምፅ አትላክ። ማታ ማታ ስልኩ እናትህ እጅ ነው የሚያመሸው፤ ድምፅህን ከሰሙ አለቀልኝ። ስትደውልላቸውም እንዳታወጣው።

ፍሬሙን የምትከፍለው አንተ ነህ። ወላሂ በል።

ያንተው መኮንን
ከደሴ