ገጸ ባሕሪው መሸጡ አይደለም ችግሩ

ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ የተላከላችሁን ስለ ጌንሺን ኢምፓክት የሚያወራ ደብዳቤ አነበብኩት። ደስ አለኝ። በጋዜጣ ላይ የጌም ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ወይ ስለ ሱስ ነው፣ ወይ ልጆች ከትምህርት ስለ መቅረታቸው ነው። እኚህ ሰው ግን ስለ ታሪኩ ጻፉ። ጌሙ ተረት ሳይሆን ሱቅ ነው አሉ። ገጸ ባሕሪዎቹ ሊሸጡ የተሠሩ ስለሆኑ ነፍስ ሊኖራቸው አይችልም አሉ። ንግግሩም ይረዝማል አሉ። ግማሹን እስማማለሁ። ግማሹን ግን አልቀበልም፤ ዝም ካልኩ ደግሞ ደሴ መልስ አጣች ሊባል ነው።

ጌሙን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጌንሺን ሚሆዮ የሚባል የቻይና ኩባንያ ሥራ ነው። የወጣው መስከረም 18 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። አንድ መንገደኛ የጠፋበትን መንታውን ፍለጋ ቴይቫት በምትባል የምናብ ዓለም ውስጥ ካገር አገር ይዞራል። ሰባት አገር አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ አምላክ አለው። በየስድስት ሳምንቱ ገደማ አፕዴት ይመጣል፤ ታሪኩም እየተጎተተ ይቀጥላል። መጫወቱ በነጻ ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በገጸ ባሕሪዎቹ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ ዕጣ ታወጣለህ። አንዱ ዕጣ ፕሪሞጀም ከሚባለው የጌሙ ገንዘብ 160 ይበላል። ዕድል ከጠመመብህ እስከ 90 ዕጣ ልትሄድ ትችላለህ፤ ያኔም የሚወጣልህ የፈለግኸው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ የኮምቦልቻው ጸሐፊ «ሱቅ» ያሉት ይሄንን ነው። ልክ ናቸው፣ ሱቅ ነው። ግን እዚህ እኛ ጋ ስንቱ ነው የሚገዛው? በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ከየት ይመጣል? እኔ እዚህ ደሴ፣ ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። የሰው ስልክ ውስጥ ምን እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ጌንሺን የጫኑ ልጆች የሚመጡት በአንድ ችግር ነው፤ «ስልኬ ሞላ» ነው የሚሉት። ጌሙ በብዙ አስር ጊጋባይት የሚቆጠር ቦታ ይይዛል። ይጥፋ ስላቸው አይሰሙም። አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጌሙን ከማጥፋት የራሷን ፎቶ አንድ በአንድ እየመረጠች ስታጠፋ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ይቺ ልጅ አንድ ብር አውጥታ ገጸ ባሕሪ ገዝታ አታውቅም። ታዲያ ሱቁ ካልሆነ ምንድን ነው የያዛት? «ቀጣዩን ሳላይማ» ነው ያለችኝ።

ነፍስ የለውም የሚባለውንም አልቀበልም። ዞንግሊን እንውሰድ። ከሰባቱ አገር አንዷ የሆነችው የሊዩዌ አምላክ ነው። የቴይቫት ሁሉ ገንዘብ፣ ሞራ የሚባለው፣ ከእሱ ነው የመጣው። ታሪኩ ውስጥ የምናገኘው ግን የሞተ መስሎ፣ ማንነቱን ደብቆ፣ ቀብር አስፈጻሚ ቤት አማካሪ ሆኖ ነው። ስለ ሻይ ያውቃል፣ ስለ ጌጥ ያውቃል፣ ስለ ጥንት ሥርዓት ያውቃል። ሂሳብ ሲመጣ ግን ኪሱ ባዶ ነው። ገንዘብን የፈጠረ ሰው ገንዘብ መያዝ ይረሳል! ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይከፍልለታል። ይሄ እንደ ቀልድ የገባ ነው፤ ግን ስለ ሰውዬው ብዙ ይነግርሃል። በሺህ የሚቆጠር ዓመት ሲሰጥ ኖሯል እንጂ ከፍሎ አያውቅም። ተራ ሰው መሆን ምን እንደሚጠይቅ ገና እየተማረ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ሥራውን ያውቃል። ዞንግሊም በዕጣ የሚወጣ ነው፤ መሸጡ አላበላሸውም።

ታዲያ የሚበላሸው የቱ ጋ ነው? የእኔ መልስ ይሄ ነው፦ ለሽያጭ የቀረበውን ሰው ታሪኩ እንዳይነካው ሲጠብቁት ነው። እዳው ሁሉ የማይሸጠው ሰው ላይ ይወድቃል። አንድ ክፍል ስትጫወት ማን እንደሚሞት ማወቅ ከፈለግህ ማን በዕጣ እንደማይወጣ ተመልከት።

ቴፔይን የሚያስታውስ ተጫዋች ይገባዋል። ኢናዙማ በምትባለው አገር አማጺዎቹ መሃል ያለ ተራ ወታደር ነው። እንደ ታላላቆቹ ልዩ ኃይል አልተሰጠውም። ቀልደኛ ነው፣ ፈሪም ነው፣ ግን አንድ ቀን ቁም ነገር ልሠራ ብሎ ይመኛል። ከዚያ ኃይል የሚሰጥ ዕቃ እጁ ይገባል። ዕቃው ኃይሉን የሚሰጠው ዕድሜ እየመጠጠ መሆኑን አልነገሩትም። መንገደኛው ሲደርስ ልጁ እንደ ሽማግሌ ደክሞ፣ አቅም አጥቶ ያገኘዋል። ቁጭ ብለው ሲያወሩ እዚያው ያልፋል። እስከዚህ ድረስ በጣም ጥሩ ነው። ጌሙ ውስጥ እንደዚህ ያሳዘነኝ ጥቂት ነው።

ችግሩ ቀጥሎ ያለው ነው። ከቴፔይ ሞት በኋላ ያ ሁሉ ጦርነት በአንድ ትንፋሽ ይጠናቀቃል። መንገደኛው ፋብሪካ ይገባል፣ ቤተ መንግሥት ይደርሳል፣ ሲኞራ የምትባለዋን ጠላት በፍልሚያ ያሸንፋል፣ የአገሪቱ አምላክ ራይደን ሾገን ሲኞራን በአንድ ሰይፍ ትገድላታለች፣ ከዚያ አምላኳ ራሷ ትሸነፋለች፣ ልዩ ኃይል ያላቸውን ኃይላቸውን የሚነጥቀው አዋጇ ይነሳል። በቃ። ሠራዊቱን ያጣው፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጁን የሚጠብቀው ሰው የት ሄደ? በወግ አንሰማውም። ልብ በሉ፤ ቴፔይ አይሸጥም፣ ሲኞራ አትሸጥም። ሾገን ግን በዚያው አፕዴት በዕጣ የወጣች ገጸ ባሕሪ ናት። ያን ሁሉ መከራ ያመጣው የእሷ አዋጅ ነው፤ ሒሳቡ ላይ ግን ምንም አልተነካችም ማለት ይቻላል።

ያ ክፍል የወጣው በነሐሴ 2013 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላው ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ስለዚያ ጊዜ እዚህ ብዙ አልጽፍም፤ የኮምቦልቻው ጸሐፊም የሚያውቁት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኋላ ሱቄን ስከፍት መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ስልካቸውን ሊያሠሩ አልነበረም። «ስልኩ ይቅር፣ ፎቶውን አውጣልኝ» ነበር የሚሉት። ስክሪኑ የተሰበረ፣ ውሃ የገባው፣ ባትሪው ያበጠ ስልክ ይዘው። ጦርነት ሲያልቅ የሚቀረው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ጌሙ ይሄንን ማሳየት ነበረበት ወይ? የልጆች ጨዋታ ነው የሚል ይኖራል። ቴፔይን የጻፈ ሰው ግን ይሄንንም መጻፍ ይችል ነበር። አልቻለም ብዬ አላምንም፤ ለሚቀጥለው ዕጣ ቸኩሏል ብዬ ነው የማምነው።

ስለ ንግግሩ ርዝመት የተባለው እውነት ነው፤ ጸሐፊው እንደውም አቅልለውታል። ፓይሞን የምትባለው በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ አስጎብኚ አለች። አንድ ሰው አንድ ነገር ይላል፤ ፓይሞን «እንዲህ ማለትህ ነው?» ብላ ትደግመዋለች፤ ሰውዬው «አዎ» ብሎ ሦስተኛ ይለዋል። ለዓመታት ደግሞ የዋናውን ታሪክ ንግግር መዝለል አይቻልም ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ስድስት ሳምንት ቆይቶ የሚመለስ ሰው የቱ ጋ እንደቆመ ይረሳል። የሬዲዮ ትረካም «ባለፈው ሳምንት» እያለ ነው የሚጀምረው። ልዩነቱ የሬዲዮው አንዴ ብሎ ያልፋል።

ሱቄ ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ዋይፋይ ፍለጋ ነው የሚመጡት። ድምፁ በቻይንኛ፣ በጃፓንኛ፣ በእንግሊዝኛና በኮሪያኛ እንጂ በአማርኛ የለም። ትልቁ እንግሊዝኛውን እያነበበ ለትንሹ በአማርኛ ይተርካል። ፓይሞን ስትጀምር «ያው ነው፣ ያለውን ነው የምትለው» ይልና ስክሪኑን ይጠቀጥቃል። ትንሹ ይስቃል። የቴፔይ ቦታ ሲደርሱ ግን ትልቁ መተርጎሙን አቆመ። ትንሹ «ምን አለ? ምን አለ?» ይለዋል፤ እሱ ዝም። «ቆይ» አለው በመጨረሻ፣ «እሱ እያወራ ነው።» እኔ ለዚያ ልጅ የአዘጋጅነት ሥራ ብሰጠው ደስ ይለኛል። የቱን መቁረጥ፣ የቱ ጋ መቆም እንዳለበት ከኩባንያው በተሻለ ያውቃል።

አሁን ወደ ፉሪና ልምጣ፤ ጸሐፊው ስሟን እንኳን አላነሱም። የፎንቴን አምላክ ናት ተብላ ነው የምትቀርበው። ፎንቴን ውስጥ ፍርድ ቤቱና ኦፔራ ቤቱ አንድ አዳራሽ ነው፤ ሰው ቲያትር ሊያይ እንደሚገባ ችሎት ሊያይ ይገባል። ፉሪና ከላይ ተቀምጣ ትዘባነናለች፣ ኬክ ትበላለች፣ ትፎክራለች። መጀመሪያ ያየናት ጊዜ ሁላችንም ተናደንባታል። ኋላ ሲገለጥ አምላክ አይደለችም። ተራ ሰው ናት። ሕዝቡን ከጥፋት ለማዳን አምላክ መስላ እንድትኖር ተነግሯት 500 ዓመት ለአንድ ሰው እንኳን ሳትናገር ተውናለች። ምስጢሩን ብታወጣ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በዚያ ኦፔራ ቤት፣ በምትወደው ሕዝብ ፊት፣ ተከስሳ ቆመች። ጭምብሏ ወለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነው የወደድኩት። ሕዝቡ ዳነ፤ እሷ ግን አልተሸለመችም። ከቤተ መንግሥት ወጣች። ጠባብ ቤት ውስጥ መኮሮኒ እየበላች የምትኖር ሴት ሆነች። ቲያትር ሥሪልን ሲሏት እንኳን መድረክ ላይ መውጣት አስጠላት። 500 ዓመት የተወነ ሰው መድረክ ቢያስጠላው ይፈረድበታል?

ይሄ ክፍል የወጣው ጥቅምት 28 ቀን 2016 ነው። ፉሪና ለዕጣ የቀረበችውስ መቼ ነው? በዚያው ቀን። እንግዲህ የኮምቦልቻው ጸሐፊ ይሄንን ምን ሊሉት ነው? ሱቁ ያው ሱቅ ነው፤ ሻጩም ያው ነው። ግን የሚሸጧትን ሴት ታሪኩ እንዲጎዳት ፈቀዱ። ለዚህ ነው ነፍስ ያላት።

ከናትላን ጋር አነጻጽሩት። ማቩይካ የዚያች አገር አምላክ ናት። ገና ከጅምሩ አገሯን ለማዳን ሕይወቷን ለመክፈል ውል የገባች ናት። እኛም አምነን ተከተልናት። ክፍሉ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ወጣ፤ እሷም ያን ቀን ለዕጣ ቀረበች። ልትሞት ስትል ካፒታኖ የሚባል፣ ፊቱን የማናየው የባዕድ አገር የጦር መሪ ሞቷን ወሰደላት። እሱ ዙፋኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ፤ እሷ ተረፈች። ካፒታኖ ያኔ በዕጣ የሚወጣ አልነበረም። የካፒታኖ መጨረሻ ያምራል፣ አልክድም፤ ወንድማማቾቹም ደጋግመው አይተውታል። ማቩይካ ግን ተሰረቀች። ሙሉ ክፍል ሲገነባ የኖረው የእሷ ውሳኔ ሌላ ሰው እጅ ገባ።

ናትላንን ካነሳሁ አይቀር አንድ ቅሬታ ልጨምር። ለገጸ ባሕሪዎቹ የሚሰጠው የክብር ስም ከስዋሂሊ ነው፤ ኡሞጃ፣ ኪዮንጎዚ። ባህሉም ከአፍሪካና ከላቲን አሜሪካ የተቀዳ ነው። ፊታቸው ግን አብዛኛው ፈካ ያለ ነው። በ2016 ክረምት ገና ከመውጣቱ በፊት በብዙ አገር ቁጣ ያስነሳው ይሄ ነው፤ ድምፅ የሚሰጡ ተዋንያንም ተናገሩ። ስማችንን ወስዶ መልካችንን መተው ምን የሚሉት ነው?

እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ላይ ነው። እሳቸው «የሚሸጥ ስለሆነ ከንቱ ነው» ይላሉ። እኔ የምለው በዚያው ሱቅ ውስጥ ፉሪናም ማቩይካም አሉ፤ አንዷን በደንብ ጻፏት፣ አንዷን አዳኗት። «ሱቅ ነው» ብለን ካለፍነው ግን ደራሲዎቹን ነጻ አወጣናቸው ማለት ነው። ባጠፉ ቁጥር «ምን ይደረግ፣ ገበያው ነው» ይሉናል። ፉሪናን ጽፈው አሳይተውናል፤ ስለዚህ በዚያ ልክ እንጠይቃቸው።

ለአዘጋጁ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ፊልም ሲወጣ ሂስ ታትማላችሁ፣ መጽሐፍ ሲወጣ ታትማላችሁ። ለጌምም አልፎ አልፎ አንድ ዓምድ ብትሰጡ አንባቢ አታጡም። ቢያንስ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሁለት ጸሐፊ አላችሁ።

የኮምቦልቻው ጸሐፊም ፎንቴንን ሳይጨርሱ የተዉት ከሆነ ጨርሰው ይጻፉልን። ዳታ ካስቸገራቸው ወደ ደሴ ብቅ ይበሉ፤ ሱቄ ዋይፋይ አለ። ብርዱን ከቻሉት።

ከሰላምታ ጋር
የስልክ ጥገና ባለሙያ፣ ደሴ፣ ፒያሳ