ማይግሬን ሲነሳ ቃል ለምን ይጠፋል?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ማይግሬን ያወጣችሁት ጽሑፍ ስለ ሕመሙ ጥሩ አድርጎ ተናግሯል። ብዙ ታማሚ አፍሮ የሚደብቀውን የሐሳብ መደነቃቀፍና መርሳት ግን በአንድ መስመር አልፎታል።

ራስ መውቃት ከመጀመሩ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከ1 ወይም 2 ቀን በፊት ታማሚው ያዛጋል፣ አንገቱን ይይዘዋል፣ አንዱን አንቀጽ ሦስቴ አንብቦ ምንም አይገባውም። ሕመሙ ራሱ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ከለቀቀ በኋላም ድንዛዜው እስከ 2 ቀን ሊሰነብት ይችላል። ግማሽ ቀን አሞት ሦስት ቀን ሥራ የሚንቀረፈፍበትን ሰው ልግመኛ ማለት ግፍ ነው።

በአንዳንዱ ሰው ላይ ከሕመሙ በፊት ኦራ የሚባል፣ ማየትን ወይም ንግግርን ለጊዜው የሚያውክ ምልክት ይመጣል። በአንጎል ቅርፊት ላይ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሚጓዝ የኤሌክትሪክ ሞገድ ያለፈበትን ሥፍራ ለጊዜው ጸጥ ያሰኘዋል። የማየት ክፍሉን ሲነካ ጥርስ ጥርስ ያለው ብርሃን ይታያል፤ የቋንቋውን ሲነካ ሰው ብርጭቆ በእጁ ይዞ ስሙ ይጠፋዋል፣ «ያን... ያን ነገር» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይመለሳል።

በሕመሙ ሰዓት የተነገረ ነገር የሚረሳው ብዙ ጊዜ ከመነሻው በወጉ ስላልተመዘገበ ነው፤ ትኩረትና የአስተሳሰብ ፍጥነት ይወርዳሉና። ስለዚህ መልእክት በጽሑፍ ይሰጥ፣ ውል መፈረምና ሒሳብ መዝጋት ይቆይ። «መጃጀት ጀመርኩ» ብሎ ለሚሰጋ፦ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው የማስታወስ ፈተና የሰጡ ጥናቶች በአብዛኛው ማይግሬን ያለበት ሰው ከሌላው ፈጥኖ እንደሚዳከም አላሳዩም።

መድኃኒቱም ይጠየቅ። ለመከላከያ የሚታዘዘው ቶፒራሜት ራሱ ቃል ሊያስጠፋ ይችላል፤ ሌላው መከላከያ አሚትሪፕቲሊን ሊያደነዝዝ ይችላል። ድንዛዜው የጀመረበትን ቀንና መጠኑ የተጨመረበትን ቀን ጎን ለጎን ጽፎ ለሐኪም ማሳየት ይረዳል። በራስ ፈቃድ በአንዴ ማቋረጥ ግን አይገባም። ማስታገሻም ልክ አለው፦ ፓራሲታሞልን ወይም አይቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የተባለውን የማይግሬን ማስታገሻ ወይም ኮዴይን ያለበትን ክኒን 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር አልፎ የወሰደ ሰው ክኒኑ ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ያኔ ጥርት ያለ ቀን ማግኘት ብርቅ ይሆናል።

ኦራ በደቂቃዎች ቀስ እያለ ይስፋፋል፤ ስትሮክ በድንገት ይመታል። ንግግር ለመጀመሪያ ጊዜ የጠፋበት፣ ፊቱ በአንድ ጎን የወደቀ ወይም እጁ የዛለ ሰው «ማይግሬኔ ነው» እያለ ተኝቶ አይጠብቅ፤ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
የነርቭ ሕክምና ባለሙያ