ከአስፋልቱ በፊት የውኃውን መንገድ አሳዩን

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት

ጤና ይስጥልን።

ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ከዘነበ በከተማው መሐል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ይመጣል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት፣ 1998 ዓ.ም. እንዲሁ መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደብን። ከዚያ ወዲህ ዳርና ዳሩ ግንብ ተሠራለት። ደግ ተደረገ። ግን ግንብ ጎርፉን አቅጣጫ ያስይዘዋል እንጂ አይቀንሰውም። ውኃው የሚነሳው ከደጋው፣ ከደንገጎ በኩል ነው። የተፋሰሱ ራስጌ ምሥራቅ ሐረርጌ ስለሆነ፣ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ሳይመክሩ የሚወጣ የጎርፍ ዕቅድ ከወገብ በላይ የለውም።

ከተማው ውስጥ ደግሞ እኛው እንጨምርበታለን። ኮንክሪት በፈሰሰ፣ ግቢ በሴራሚክ በተነጠፈ ቁጥር መስረግ የሚችለው ውኃ ወደ ደቻቱ ይሮጣል። ያው ከተማ ደግሞ ውኃ ይጠማዋል! የምንጠጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ የማንቆርቆሪያችንን ሆድ ነጭ ያለበሰው እሱ ነው። እሱን የሚተካው ይኸው የምንሸኘው ዝናብ ነው።

የመንገድ ዳር ሣራችንን እዩት። አንዳንድ ቦታ አፈሩ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ በጠርዝ ድንጋይ ይታጠራል። ሲዘንብ ውኃው በአጠገቡ ያልፋል። በማግስቱ ቦቴ መጥቶ ያጠጣዋል፣ ያውም በድሬ ቀትር። አፈሩን ከመንገዱ ዝቅ ማድረግ፣ ጠርዙ ላይም ውኃ ማስገቢያ መተው ከባድ ወጪ አይደለም። ሥራው ገና ወረቀት ላይ እያለ የሚስተካከል ነው። ከጋራዥና ከነዳጅ ማደያ የሚወርደው ግን እንዲሰርግ አይፈቀድ። የሳቢያን የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶች እዚሁ መሐላችን ናቸው። ዛፍም ስትተክሉ ጥላ ያለው ይሁን፤ ኒም እያለ ዘንባባ ምን ያደርግልናል?

የቦዩ ነገር ያው ነው። ክዳኑ ሲነሳ አሸዋ፣ ፌስታል፣ ሃይላንድ፣ ገራባ። ድሬ አሸዋ እንደሚወርድባት፣ ጫትም እንደሚቃምባት መሐንዲሱ አያጣውም። እንግዲያው ለዚህችው ከተማ ይንደፍ። አሸዋው ቦይ ከመግባቱ በፊት የሚቀርበት ጉድጓድ ይኑር። ክዳኑም ያለ ክሬን የሚነሳ ይሁን። የመጥረጊያው ገንዘብ ከግንባታው በጀት ጋር አብሮ ይፈቀድ። ሪባን ለመቁረጥ በጀት ጠፍቶ አያውቅም፤ የሚጠፋው አካፋ ለሚይዘው ሰው ነው።

ጥያቄያችን አጭር ነው። የማንኛውም አዲስ መንገድ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ውኃው የት እንደሚገባ፣ ቦዩን ማን እንደሚጠርግ፣ ገንዘቡም ከየት እንደሚመጣ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በሰፈር ቋንቋ ይጻፍ። አስተያየት የምንሰጥበት ጊዜም ይኑረን። ከመጪው በጀት ዓመት መጀመር ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከዚራ ነዋሪ