ሞቺ ተቀቅሎ አይወቀጥም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በምግብ ዓምዳችሁ ስለ ሞቺ፣ ተወቅጦ ስለሚሠራው የጃፓን የሩዝ ሊጥ ምግብ፣ የወጣው አሠራር «ሩዙን በደንብ ቀቅሎ መውቀጥ» ይላል። እንደዚያ ያደረገ ሰው የሚያገኘው የሩዝ ገንፎ ነው።

ስሕተቱ ከሩዙ ይጀምራል። በየሱቁ የምናገኘው ሩዝ አሚሎስ የተባለ የስታርች ዓይነት ስላለበት ቢወቀጥም አይለጠጥም። ለሞቺ የሚሆነው ሞቺጎሜ የተባለው የሩዝ ዓይነት ነው፤ ፍሬው አጭር፣ መልኩ እንደ ወተት የነጣ፣ ስታርቹ ከሞላ ጎደል አሚሎፔክቲን የተባለው የሚጣበቅ ዓይነት ብቻ። ሙጫ የመሰለው ከዚህ የተነሣ እንጂ የስንዴን ሊጥ የሚያለጥጠው ግሉተን ኖሮበት አይደለም።

ሞቺጎሜ ታጥቦ ለ8 እስከ 12 ሰዓታት ያህል ይዘፈዘፋል፤ ከተጠነፈፈ በኋላ በጨርቅ ተጠቅልሎ 40 ደቂቃ ያህል በእንፋሎት ይበስላል። ከተቀቀለ ትርፍ ውኃ ይጠጣና ሊጡ ይላላል። አንዱን ፍሬ በጣት ጨፍልቁት፤ መሐሉ ላይ ጠጣር ነጥብ ካለ አልበሰለም፣ ያን ደግሞ የቱንም ያህል ቢወቅጡት አይጠፋም።

ሙቀጫው ቀድሞ በፈላ ውኃ ይሞቃል። መውቀጫው፣ ኪኔ የሚሉት፣ እንደ እኛ ዘነዘና ቀጥ ያለ ሳይሆን ትልቅ የእንጨት መዶሻ ነው። ወዲያው ከተሰነዘረ ሩዙ ይፈናጠራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዙሪያውን እየተጫኑ ፍሬውን መጨፍለቅ ነው። ከዚያ አንዱ ይወቅጣል፤ ሌላው በምትና ምት መሐል እጁን እያራሰ ሊጡን ወደ ውስጥ ያጥፋል። የሚርሰው እጅ ብቻ ነው፤ ሙቀጫው ውስጥ ውኃ የሚጨምር ሰው ሞቺውን ያቀጥነዋል፣ ቶሎም ያሻግተዋል። ፍሬ የሚባል ጠፍቶ ሊጡ ሲሳብ ካልተበጠሰ፣ ትኩስ እንዳለ የድንች ስታርች በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ይገለበጣል። ዳይፉኩ ለሚባለው ጣፋጭ 40 ግራም ሊጥ፣ 30 ግራም በስኳር የተሠራ የአዙኪ ቦሎቄ ድልህ በውስጡ ይይዛል።

«ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» የሚለውንም ብታርሙት መልካም ነው። ስታርች ቶሎ የሚደርቀው እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ በማግስቱ ሞቺው ድንጋይ ይሆናል። የሚተርፈው በየቁራጩ ተጠቅልሎ በረዶ ቤት (ፍሪዘር) ይግባ። የጣፋጭ ቤቶቹ ለቀናት ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው፣ ከሊጡ ጋር የተቦካው ብዙ ስኳር ውኃውን ስለሚይዝ ነው።

ዓምዱ ጨርሶ ያላነሣው ደግሞ አደጋውን ነው። ሞቺ ጉሮሮ ላይ ይጣበቃል፤ የቶኪዮ እሳት አደጋ መከላከያ በየዘመን መለወጫው አረጋውያንን የሚያስጠነቅቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ለሽማግሌና ለሕፃን በትንንሹ ተቆርጦ፣ ከሻይ ጋር፣ ሰው አጠገባቸው እያለ ይሰጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ