መጀመሪያ ጽሑፉ ይነበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሶፍትዌር በምትጽፉበት ጊዜ ትኩረታችሁ ፕሮግራሙ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። እኔ ግን ሰው ፕሮግራሙን ከመሞከሩ በፊት ስለሚያገኘው ነገር፣ ማለትም ፕሮጀክቱን ስለሚያስተዋውቀውና መመሪያውን ስለያዘው ድረ ገጽ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፤ በሚገባ የተሠራ ፕሮግራም ገጹ ስለማይነበብ ብቻ ሳይሞከር ሲቀር ደጋግሜ አይቻለሁና።

ከወራት በፊት የፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ የሚያስቀምጥ አንድ የክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል) ፕሮግራም ለማውረድ ወደ ገጹ ገብቼ ነበር። ከላይ ስክሪኑን የሞላ ሥዕል፣ ከሥሩ “ቀላል፣ ፈጣን፣ ዘመናዊ” የሚሉ ሦስት ቃላት፣ ከዚያም የአዳዲስ ስሪቶች ዜና ተደርድሮ አገኘሁ። ፕሮግራሙ ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሚጫንና ከየት እንደሚወርድ ለማወቅ አራት ገጾችን ማገላበጥ ነበረብኝ። አዘጋጆቹ ሥራቸውን አብጠርጥረው ስለሚያውቁት ጥያቄው ራሱ አልታያቸውም እንጂ፣ በሥዕሉ ቦታ ፕሮግራሙ ለማን ምን እንደሚሠራ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገርና አንድ የማውረጃ ቁልፍ ቢያስቀምጡ ይበቃ ነበር።

ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን ፊደሉ ነው። መመሪያው በነጭ መደብ ላይ በፈዛዛ ግራጫ ቀለም ተጽፏል፤ ይህ ፋሽን ከየት እንደመጣ ባላውቅም፣ ገጹን የሚሠራው ሰው በጥሩ ስክሪን ላይ ስለሚያየው ጉዳቱ እንደማይሰማው እገምታለሁ። ነገሩ ደግሞ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሊለካ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በመደቡ መካከል ያለው የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። በድረ ገጽ ሥራ ቀለም በቁጥር ይጠራል፤ 999999 የሚባለው ግራጫ በነጭ ላይ ንፅፅሩ 2.85 ለ 1 ብቻ ነው። ለዓይን በቂ የሚመስለው 777777 እንኳ 4.48 ላይ ሲቀር፣ ከእሱ በአንዲት እርከን የጠቆረው 767676 ግን 4.54 ሆኖ ያልፋል። ይህን ያህል ቀጭን ልዩነት በግምት ሊያዝ ስለማይችል፣ ቀለም ከመምረጥ በፊት በነፃ ከሚገኙት የንፅፅር መለኪያዎች በአንዱ መፈተሽ ያስፈልጋል።

የመስመር ርዝመትም እንዲሁ ነው። ስፋቱ ያልተገደበ ጽሑፍ በሰፊ ስክሪን ላይ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፣ ዓይንም ወደ ቀጣዩ መስመር ሲመለስ ቦታው ይጠፋበታል። ይኸው መመሪያ ከፍተኛ በሚለው ደረጃው መስመሩ ከ80 ፊደል እንዳይበልጥ፣ በአንቀጽ ውስጥ ያለው የመስመር ክፍተትም ቢያንስ አንድ ተኩል እንዲሆን ይመክራል። የፕሮግራሞችን መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች ደግሞ ለላቲን ፊደል የተመረጠውን መጠን እንዳለ ባይወስዱት ደስ ይለኛል፤ የግዕዝ ፊደላት የሚለዩት በትናንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ መጠናቸው ሲያንስ “ሰ”ን ከ“ሱ” መለየት ራሱ ሥራ ይሆናል።

“ዲዛይነር የለንም፤ ሁላችንም የምንሠራው በትርፍ ጊዜያችን ነው” የሚለውን የፕሮግራም አዘጋጆች መልስ እረዳለሁ። ሆኖም ቀለምን፣ የመስመር ስፋትንና ክፍተትን ለማስተካከል የሚያስፈልገው የገጹን መልክ በሚወስነው የቅርጽ ፋይል ውስጥ ጥቂት መስመር መቀየር ነው። ገጹን ከሥሩ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት የሚቀርብ ሐሳብ ግን ብዙውን ጊዜ በጣዕም ክርክር ተውጦ ይቀራል፣ አንዳንዴም አሮጌው ገጽ እንዳለ ሆኖ አዲሱ በጅምር ይቆያል። ስለዚህ ለውጡ በትንሽ በትንሹ፣ እያንዳንዱም ከነምክንያቱ ቢቀርብ የመጽደቅ ዕድሉ የሰፋ ይመስለኛል። “እዚህ ይጫኑ” የሚሉትን ማገናኛዎች “የመጫኛ መመሪያ” በሚል መተካትም ከዚሁ የሚቆጠር ነው፤ በስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም፣ የሚገለገሉ ዓይነ ስውራን የገጹን ማገናኛዎች ለብቻቸው አውጥተው ሲያዳምጡ አሥር ጊዜ “እዚህ ይጫኑ” ቢሰሙ ምንም አይረዱምና።

ዓምዳችሁ ከእንግዲህ አንድን ፕሮግራም በሚገመግምበት ጊዜ፣ ፕሮግራሙን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው መነሻ ገጹን ለአንድ ደቂቃ ያህል አንብቦ ምን እንደሚሠራ በራሱ ቃል እንዲናገር ቢጠይቅና መልሱን ከግምገማው ጋር ቢያትምልን እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ