ስድስት ክር፣ አራት ጣት ተኩል

ቅዳሜ ማታ ለክራር ዝግጅቴ ዝናቡን ሳትፈሩ የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወንበር አልቆባችሁ ደረጃው ላይ የተቀመጣችሁ ደግሞ በተለይ።

ብዙዎቻችሁ የኋላውን ስለማታውቁ ልንገራችሁ። ከስምንት ወር በፊት የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ነፍሴ ተረፈች። የግራ እጄ አንጓ ግን ተሰበረ። የመስኮቱ መስታወት የቀለበት ጣቴን ጅማት ቆረጠው። ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ "እንኳንም ግራው ሆነ" ይለኝ ነበር፣ በቅንነት። ክራር ለሚጫወት ሰው ግን ግራው ነው ጉዱ። ቀኝ እጅ ይገርፋል። የትኛው ክር ይጩህ፣ የትኛው ዝም ይበል የሚለውን የሚወስነው ግራው ነው። ጣት አምስት፣ ክር ስድስት። ድሮውንም አንዱ ጣት ደርቦ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ አንዱ ሲሰንፍ አስቡት።

ቀዶ ሕክምናውን የሠሩልኝ ሐኪሞች፣ እጃችሁ ይባረክ። ፊዚዮቴራፒስቷ፣ በመጣሁ ቁጥር "ዛሬስ ስንት ጣት ተነሳ?" ስትይኝ እንዴት እንደምናደድብሽ አታውቂም። አሁን ያ ጥያቄ ይናፍቀኛል። የዕቁብ ጓደኞቼ፣ ተራዬ ሳይደርስ ዕጣውን ለኔ አሳልፋችሁ ሰጣችሁኝ። እማዬ፣ የዳቦ ሊጥ እያቀረብሽ "እሺው፣ ሐኪሟም ብላለች" ያልሽኝ። ሐኪሟ ያለችው ስፖንጅ ነበር።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ጣቴ መንቀሳቀስ ከጀመረ በኋላም ክራሬን ማየት አልፈልግም ነበር። ግጥምም አልመጣልኝ አለ። ደብተሬ ባዶውን ከረመ። አንድ ወዳጄ ያኔ የአስናቀች ወርቁን ዘፈኖች በስልኬ ጭኖልኝ ሄደ። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው ያረፈችው። ተዋናይትም ነበረች፤ ስታንጎራጉርም ያስታውቃል። ግማሹን ትዘፍነዋለች፣ ግማሹን ታወራዋለች። ስንኟን አሽሟጣ ትወረውርና ክራሩ እንዲስቅላት ትጠብቃለች። ጂጂንም ደጋገምኩ። በ2001 እ.ኤ.አ. ቢል ላስዌል ያዘጋጀው አልበሟ ላይ እነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር አሉ። ያ ሁሉ የጃዝ አንበሳ ተሰብስቦም የቻግኒዋን ልጅ ግጥም አልሸፈነባትም። እነዚህ ሁለት ሴቶች ናቸው ከአልጋ ያስነሱኝ። ከቤት ግን አላስወጡኝም።

ከቤት ያስወጣኝ አዝማሪ ነው። ድሮ ቢሆን ጓደኞቼ ካዛንቺስ፣ ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ነበር የሚወስዱኝ። እሱ በ2017 ዓ.ም. ፈረሰ። እናም ሌላ ጠባብ ቤት ገባን። ባለማሲንቆው የታሰረ እጄን አየና ምን ሆና ነው አለ። "ክራር ተጫዋች ናት" አሉት። ምንም ሳይል ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። አንዱን ባለሱፍ አወድሶ፣ አንዷን ሙሽራ አስለቅሶ ተመለሰና ፊቴ ቆመ፦

ክራሯ ቢሰቀል፣ ድምፁ እየራቀ፣
ላልቶ የነበረው ጅማቷ ጠበቀ።

ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። የዛሬው ክራር ክሩ ናይለን ነው፤ የድሮው ግን ጅማት ነበር። የተሰፋውም የኔው ጅማት ነው። ጠበቀ ሲል ከረረ ማለቱ ነው? ወይስ እስክትመለሺ ጠበቀሽ ማለቱ? ሰውየው ሁለቱንም አንድ ላይ አሸክሞኝ መሄዱ ነው! ይህን ከስልክ አላገኘውም። ለኔ፣ ለዚያች ማታ፣ እዚያው ቆሞ የተፈጠረ ነው።

ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። "ተቀበል!" አልኩ ሳላስበው። ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያዋን ስንኝ ወረወርኩ። እዚህ አልጽፋትም፣ ጥሩ አልነበረችም። ቤት እንኳ በቅጡ አልመታችም። እሱ ግን ተቀብሎ፣ በማሲንቆው አቃንቶ፣ የሆነች ነገር አስመስሎ መለሰልኝ። ማታውኑ ቤት ገብቼ ክራሬን ከግድግዳው አወረድኩት። ባለማሲንቆው ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ወጣሁ። ይህ መልእክት ከደረሰህ፣ አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ የሰማችሁት እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የጻፍኳቸውን ነው። ትዝታው ላይ አንድ ድምፅ ደጋግሞ ሲሰወር የሰማችሁ ጆሮ ያላችሁ ሰዎች፣ አዎ፣ ያ የቀለበት ጣቴ ነው። ገና እንደልቡ አይነሳም። ከኋላ ሆኖ "ተቀበይ!" ብሎ የጮኸው ሰውዬ፣ ልቤን ልታቆመው ነበር። ስንኝህ ግን ግሩም ነበረች፣ ደብተሬ ላይ ጽፌያታለሁ።

ጥቁር፣ እጀታው የእንጨት የሆነ ጃንጥላ ረስቶ የሄደ አለ። እኔ ጋ ነው።